ጫማው የት ሄደ? የታሪክ ሥዕል መጽሐፍን ቤት ውስጥ ለማስተማሪያ መጠቀም

ልጄ አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ምሽት አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ሲሮጥ የሚያሳይ ሥዕል አብረን እናይ ነበር። ጣቱን የሯጩ እግር ላይ አሳርፎ «ጫማው የት ሄደ?» አለኝ። ሳላመነታ «ድሃ ስለነበረ ጫማ አልነበረውም» አልኩት። አመነኝ። ለአያቱ፣ ለጎረቤት ልጆች፣ ለአስተማሪው ሳይቀር ሲያወራው ከረመ።

ልክ አልነበርኩም። አበበ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ጫማ አድርጎም ሳያደርግም ይለማመድ ነበር፤ ሮም ላይ የተገዛው አዲስ ጫማ እግሩን ስላልተመቸው ነው በባዶ እግሩ ለመሮጥ የወሰነው። ይህን ያወቅሁት ከወራት በኋላ ነው። ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ «ያን ቀን የነገርኩህ ስህተት ነበር» ማለት ግድ ሆነብኝ። አልተቀየመኝም። «ታዲያ ያኔ ማን ነግሮህ ነው?» ብቻ አለ። ማንም አልነገረኝም፤ ከራሴ ያወጣሁት ነው።

ከዚያ ወዲህ የታሪክና የሕይወት ታሪክ ሥዕል መጽሐፍ ቤታችን ውስጥ የሚነበብበት መንገድ ተለወጠ። ከዚህ በታች የምጽፈው ያንን መንገድ ነው። ሁሉም ደረጃ የሚዞረው በዚያችው የልጅ ጥያቄ ዙሪያ ነው፦ ማን ነግሮህ ነው?

ቤት ውስጥ ማስተማር ስል ሁለት ዓይነት ቤት በሐሳቤ አለ። አንዱ እንደ እህቴ ቤት ነው። አሜሪካ ትኖራለች፤ እዚያ በሃምሳውም ግዛቶች ልጅን ቤት ማስተማር በሕግ የተፈቀደ በመሆኑ ሙሉውን ትምህርት ራሷ ትሰጣለች። (ጀርመን ያላችሁ ግን ሕጉ ይህን ስለማይፈቅድ ከትምህርት ቤት መልስ ያለውን ሰዓት ተጠቀሙበት።) ሌላው እንደኔው ቤት ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ይውላል፤ የመኝታ ሰዓትና ቅዳሜ ጠዋት ግን የእኛ ናቸው። መንገዱ ለሁለቱም ይሠራል።

ከኋላ ጀምራችሁ ምረጡ

መጽሐፍ መደብር ወይም ቤተ መጻሕፍት ስትገቡ ሽፋኑ አያታላችሁ። መጀመሪያ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ገጾች ግለጡ። ጥሩ የታሪክ ሥዕል መጽሐፍ እዚያ ላይ ለአዋቂ አንባቢ የተጻፈ የደራሲ ማስታወሻ ይኖረዋል፤ ታሪኩ ከየት እንደተገኘ፣ ደራሲው ምን እንደጨመረ፣ ገጽ ስላነሰው ምን እንደተወ ይናገራል። የሥዕል መጽሐፍ በተለምዶ 32 ገጽ ነው፤ የአንድ ሰው ዕድሜ በ32 ገጽ አያልቅምና የተተወ ነገር ሁልጊዜ አለ። ማስታወሻ የሌለው መጽሐፍ የግድ መጥፎ አይደለም፤ የማጣራቱ ሥራ ግን በእናንተ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ይህን በሚገባ የሠራ አንድ መጽሐፍ ልጥቀስ፤ «ስኖውፍሌክ ቤንትሊ» ይባላል። የጃክሊን ብሪግስ ማርቲን ድርሰት ነው፤ ሥዕሎቹን በእንጨት ላይ ቀርጻ ያተመችው ሜሪ አዛሪያን እ.ኤ.አ. በ1999 የካልዴኮት ሜዳሊያ አግኝታበታለች። የሚተርከው ጄሪኮ በምትባል የቬርሞንት መንደር ስለኖረውና እ.ኤ.አ. ከ1885 ጀምሮ የበረዶ ቅንጣቶችን በማይክሮስኮፕ ፎቶግራፍ ስላነሳው ገበሬ ዊልሰን ቤንትሊ ነው። በገጹ መሀል ታሪኩ ይነገራል፤ በኅዳጉ ላይ ደግሞ ዓመተ ምሕረቱ፣ ቦታውና የካሜራው ነገር ለብቻው ተጽፏል። ልጁ ትረካና መረጃ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማንም ሳይነግረው በዓይኑ ያያል።

ሌላው መመዘኛዬ ስንፍና ይመስል ይሆናል፤ ከልደት እስከ ሞት የሚተርከውን እተወዋለሁ። አንድ ቀን፣ አንድ ውሳኔ፣ አንድ ጉዞ የያዘውን እመርጣለሁ፤ ልጅ የሚያስታውሰው እሱን ነው። ደግሞ ሰውየው አንድም ጊዜ ሳይሳሳት፣ ሳይፈራና ሳይናደድ የሚያልቅ መጽሐፍ ካጋጠማችሁ ወደ መደርደሪያው መልሱት።

መጽሐፉ እንግሊዝኛ ሲሆን

በአማርኛ የተዘጋጁ የሕይወት ታሪክ ሥዕል መጻሕፍት ጥቂት ናቸው። ውጭ አገር ያላችሁማ እጃችሁ የሚገባው በአብዛኛው በየአገሩ ቋንቋ የተጻፈው ነው። መስመር በመስመር እየተረጎማችሁ አታንብቡ፤ እናንተም ልጁም ትሰለቻላችሁ። በዋዜማው ለብቻችሁ አንብቡትና ለየገጹ አንድ ዋና ዓረፍተ ነገር በአማርኛ በተለጣፊ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ጥግ ላይ ለጥፉ። በማግስቱ ያቺን ዓረፍተ ነገር ታነቡና ቀሪውን ሥዕሉን እያያችሁ ትጫወታላችሁ።

አማርኛ ግን አንድ ምርጫ ያስገድዳችኋል። እንግሊዝኛው በአንዲት ቃል የሚያልፈውን እኛ «እሷ» ወይስ «እሳቸው» ብለን መቁረጥ አለብን። ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ልጅ ናት፤ «እንጨት ለቀመች» እንላለን። እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኙት ወይዘሮ ደግሞ «ተቀበሉ» ነው የሚባሉት። ታዲያ በየትኛው ገጽ ላይ ነው አንቱ የሆኑት? እኔ ይህን ለልጄ ትቼለታለሁ። አንድ ጊዜ «ዛፍ መትከል ሲጀምሩ» አለኝ፤ ከዓመት በኋላ ያንኑ መጽሐፍ ስናነብ «አይ፣ ሲታሰሩ ነው» ብሎ ሐሳቡን ቀየረ። ሰው መቼ ነው የሚከበረው የሚለውን ክርክር በሌላ መንገድ ላነሳው ብል ከሰባት ዓመት ልጅ ጋር አይሳካልኝም ነበር።

መጀመሪያ ሥዕሉን፣ ያለ ጽሑፍ

በመጀመሪያው ቀን ምንም አይነበብም። ጽሑፉን በወረቀት ሸፍናችሁ ከሽፋን እስከ ሽፋን ሥዕሉን ብቻ አገላብጡ፤ ለትንሽ ልጅ አሥር ደቂቃ ይበቃል። «ይህ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ልጁን ወደ ፈተና ይወስደዋልና ተውት። ይልቁንስ፦ ሰዓቱ ስንት ይመስልሃል? ማን ወዴት ነው የሚያየው? እጁ ምን ይዟል? ከገጹ ውጭ፣ ያልተሳለው ቦታ ላይ ምን ያለ ይመስልሃል? ብላችሁ ዝም በሉ። ዝም ማለቱ ነው ከባዱ፤ እኔ እስከ አሥር በልቤ እቆጥራለሁ።

ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ትንንሽ ክፍሎች ደርድሮ የሚያሳየውን የሸራ ሥዕል ያላየ አለ? ሽፋን የሌለው የሥዕል መጽሐፍ ማለት እሱ ነው። ግድግዳችሁ ላይ ካለ ከእሱ ጀምሩ፤ ልጁ ከክፍል ወደ ክፍል በጣቱ እየተከተለ ይንገራችሁ።

ከእኛው ሥዕል አንድ የማንበቢያ ቁልፍም ታገኛላችሁ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ አድርገው ይሳላሉ፤ ይሁዳና አጋንንት ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። የዓድዋ ጦርነት ሥዕሎችም ብዙ ጊዜ ይህን ልማድ ይከተላሉ፤ የጣሊያን ወታደሮች አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ይህን ለልጅ ስትነግሩት ወዲያው ዓይን መቁጠር ይጀምራል። ቀጥላችሁ «ሁለት ዓይን ለማን እንደሚሰጥ የወሰነው ማነው?» በሉት። ሥዕል የሣለ እጅ እንዳለው፣ እጁም ወገን እንዳለው የሚገባው ያኔ ነው። ሰማዩ ላይ በፈረስ ስላለው ቅዱስ ጊዮርጊስ መጠየቁም አይቀርም። ጦርነቱ የተካሄደው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. መሆኑን፣ 23 ደግሞ በየወሩ የጊዮርጊስ ዕለት መሆኑን ንገሩት። ሠዓሊው የሆነውን ብቻ ሳይሆን የዘመቱት ሰዎች ያመኑትንም ጨምሮ ሥሎታል።

ንባቡ

በሁለተኛው ቀን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳታቋርጡ አንብቡ። ጥያቄ ቢመጣ «ያዛት» በሉትና ቀጥሉ። አንድ ምክር ግን አለኝ፤ የታሪክ መጽሐፍ ስታነቡ «ተረት ተረት» ብላችሁ አትጀምሩ። ያቺ መክፈቻ ለዝንጀሮና ለጅብ ትቆይ። እኛ ቤት እውነተኛ ታሪክ የሚጀመረው ዓመተ ምሕረትና ቦታ በመጥራት ነው፤ ልጄ አሁን ቀኑን ካልሰማ «ይሄ ተረት ነው እንዴ?» ይላል።

ስትጨርሱ መጽሐፉን ዝጉና ልጁ በራሱ ቃል መልሶ ይንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1923 ያረፈችው እንግሊዛዊት መምህርት ሻርሎት ሜሰን የማስተማሪያ መንገዷን የመሠረተችው በዚሁ መልሶ በመንገር ላይ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚያስተምሩ ብዙ ቤተሰቦች ዛሬም ይከተሉታል። ሲሳሳት አታርሙት። የዘለለውንና የጨመረውን ብቻ በልባችሁ ያዙ፤ ለነገ ይጠቅማል።

ሦስት ቀለም ወረቀት

የሥራው ልብ እዚህ ነው። በሦስተኛው ቀን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቁርጥራጭ ወረቀቶች አዘጋጁ። አረንጓዴው «ይህ ይታወቃል» ነው፤ ቢጫው «ደራሲው ወይም ሠዓሊው ገምቶታል»፤ ቀዩ «ይህ ትክክል አይደለም»። ከልጁ ጋር ገጽ በገጽ እየሄዳችሁ አስቀምጡ።

በአበበ ቢቂላ እንሞክረው። እጃችሁ ያለው መጽሐፍ፣ ፖስት ካርድ ወይም የመጽሔት ሥዕል ሊሆን ይችላል። በሮሙ ውድድር ልብሱ ላይ ያለው ቁጥር 11 ከሆነ አረንጓዴ ነው፤ ፎቶግራፎቹ ይመሰክራሉ። ሰማዩን ተመልከቱ። ማራቶኑ ሙቀቱን ለመሸሽ ማምሻውን ነበር የተጀመረው፤ ያለቀው ከጨለመ በኋላ ነው፤ ወታደሮች በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ዳር ችቦ ይዘው ቆመው ነበር። ስለዚህ ሲያሸንፍ ፀሐይ ከወጣችበት፣ ቀይ። ስታዲየም ውስጥ ሲገባ ከተሳለ እሱም ቀይ ነው፤ ውድድሩ የተጠናቀቀው በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ነው። ከኋላው የሚከተለው ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም አረንጓዴ፤ በ25 ሰከንድ ነው የተቀደመው። «አበበ በልቡ አገሩን አሰበ» የሚል ጽሑፍ ካለ ቢጫ። እየሮጠ ምን እንዳሰበ ሠዓሊውም ደራሲውም አላዩም። «ድሃ ስለነበረ» የሚለው የእኔ መልስም ቀይ ወረቀት ደርሶታል፤ ልጄ ራሱ ነው የለጠፈብኝ።

ቢጫ ወረቀት ውርደት እንዳልሆነ አስረዱት። የድንቅነሽን ሥዕል አሳዩት። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘው አጽም ከመላ አካሏ 40 በመቶ ገደማ ነው። ቁመቷና ቆማ መሄዷ ከአጥንቱ ይታወቃል። የጠጉሯ ቀለም፣ የቆዳዋ መልክ፣ ዓይኗ የሚያየው ነገር ግን የሠዓሊው ግምት ነው፤ ካልገመተ ደግሞ ሥዕል የለም።

ከዚያ ወደ ደጅ ውጡ። አበበ 42.195 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነው የጨረሰው። አካፍሉት፤ 100 ሜትሩን በ19 ሰከንድ አካባቢ ማለት ነው። 100 ሜትር ለክታችሁ ልጁን አስሩጡትና በስልካችሁ ሰዓት ያዙለት። የእኔው ልጅ በ24 ሰከንድ ገባና ሣሩ ላይ ተዘረረ። ከ420 በላይ እንዲህ ያለ ሩጫ እንደሚቀረው ስነግረው ዝም ብሎ ሰማዩን አየ። ስለ ጽናት ከዚህ በላይ አልነገርኩትም፤ እናንተም አትንገሩት። «አየህ፣ አንተም ጎበዝ ሁን» የምትለዋ ማሰሪያ ልጅን ከመጽሐፍ የምታስሸሽ ነገር ናት።

ገመዱ

ግድግዳ ላይ ገመድ ወጥሩና አንዱን ዓመት በ1 ሴንቲ ሜትር ለኩ። ከዓድዋ እስከ 2018 ዓ.ም. 1 ሜትር ከ30 ይሆናል። ያነበባችሁትን ሁሉ በልብስ መቆንጠጫ ስቀሉበት። የልጁን ልደት፣ የእናንተን፣ የአያቶችን ጨምሩ፤ አያቱ ከአበበ ሩጫ በፊት መወለዳቸውን ያን ጊዜ ያያል። ለድንቅነሽ ቦታ ሲፈልግ ግን ችግር ይመጣል። 3.2 ሚሊዮን ዓመት በዚህ ልክ 32 ኪሎ ሜትር ገመድ ይጠይቃል፤ ከአዲስ አበባ መሀል ተነስቶ ዱከም ሊደርስ ጥቂት ይቀረዋል።

በሁለት ዘመን አቆጣጠር ለሚኖር ልጅ ደግሞ ገመዱ ሌላ ጥቅም አለው። የሮሙ ማራቶን በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሴፕቴምበር 10፣ 1960 ይባላል። በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ! ያን ዕለት በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 8 ዓመት ነበር፤ በማግስቱ 7 ሆነ። ስለ ዘመን አቆጣጠር ብዙ ገለጻ ሰምቼ አውቃለሁ፤ ልጄ የገባው ግን በዚህ ነው። ከእናንተ የሚጠበቀው እያንዳንዱ ካርድ ላይ ሁለቱንም ቁጥር መጻፍ ነው።

አንድ ካርድ ሌላውን ይጠራል። አበበ ሲሮጥ የአክሱምን ሐውልት አልፏል። «ሐውልቱ ሮም ምን ይሠራል?» የሚል ጥያቄ ስለ ጣሊያን ወረራ ለመናገር በር ይከፍታል። በ1929 ዓ.ም. ተወስዶ ነበር፤ በ1997 ተመለሰ፤ በ2000 አክሱም ላይ ዳግም ቆመ። ሦስት መቆንጠጫ ነው። የአበበም ካርድ አንድ አይደለም። ብዙ ተራኪ ሮም ላይ ወይም በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ያቆማል። በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ መራመድ እንደተሳነው፣ ከዚያም በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ውርወራ እንደተወዳደረ፣ በ1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ እንዳረፈ የሚጽፈው ጥቂት ነው። መጽሐፋችሁ ያለቀበትን ዓመትና ሰውየው ያረፈበትን ዓመት ጎን ለጎን ስቀሉና ልጁ መሀሉን ይለካ።

ሁለት መጽሐፍ፣ አንድ ሰው

ልጁ ሰባት ስምንት ዓመት ሲሆነው ስለ አንድ ሰው የተጻፉ ሁለት መጻሕፍት አምጡለት። ለዚህ ዋንጋሪ ማታይ ትመቻለች። እ.ኤ.አ. በ1977 የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን የመሠረተችው እሷ ናት። (እንዳያችሁት እኔም እንዳሻኝ ነው የምጠራት።) የጃኔት ዊንተር «ዋንጋሪስ ትሪስ ኦፍ ፒስ» እ.ኤ.አ. በ2008 ወጣ፤ የዶና ጆ ናፖሊ «ማማ ሚቲ» በ2010። የመጀመሪያው ዋንጋሪ ዛፍ እንዳይቆረጥ ስትከላከል መመታቷንና መታሰሯን ያሳያል። በሁለተኛው ውስጥ ካዲር ኔልሰን የአፍሪካ ጨርቅ ከቀለም ጋር አዋሕዶ ሠርቷል፤ ሴቶች ችግራቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ እሷ ለየችግሩ የሚሆን ዛፍ ትሰጣቸዋለች፤ ነገሩ እንደ ተረት ይፈስሳል። ጎን ለጎን ግለጡና «አንዱ ያለው፣ ሌላው የሌለው ምንድን ነው?» በሉ። ለእኔ የዊንተሩ ይበልጥብኛል፤ ልጄ ጨርቁን ይወዳል። መስማማት የለብንም።

ለትልልቆቹ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ላሉት፣ «የሥዕል መጽሐፍ የሕፃን ነው» የሚለውን ኩራት የሚሰብር የፒተር ሲስ «ስታሪ ሜሴንጀር» አለ፤ ስለ ጋሊሊዮ ነው።

ከባዱ ገጽ

ስለ ባርነት፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ዘር መድልዎ የሚያወሩ ገጾችን ዘልላችሁ አትለፉ። ልጁ ቆየት ብሎ ለብቻው ይገልጣቸዋል። «የሩቢ ብሪጅስ ታሪክ» የሚለውን የሮበርት ኮልስን መጽሐፍ ውሰዱ። ሩቢ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14፣ 1960 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ነጮች ብቻ ይማሩበት ወደነበረ ትምህርት ቤት ስትገባ የፌዴራል መንግሥት ጠባቂዎች ይዘዋት ነው ያለፈችው፤ ደጅ ላይ ሕዝብ እየጮኸባት። የነጮቹ ወላጆች ልጆቻቸውን አስወጡና አንዲት አስተማሪ ሩቢን ለብቻዋ አስተማረቻት። እዚህ ላይ «ማን ነግሮህ ነው?» ጥሩ መልስ አለው፤ ኮልስ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ነበር፤ በዚያው ዘመን ልጅቱን እያገኘ ያነጋግራት ነበር።

እንዲህ ያለውን ገጽ ስትደርሱ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገሩ፤ «ሕጉም ሰዎቹም በድለዋታል» ይበቃል። ከዚያ ልጁ እስኪናገር ጠብቁ። አሜሪካ ላላችሁ ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም፤ ልጃችሁ ትምህርት ቤቱ ውስጥ በቆዳው ቀለም ምን እንደሚባል አስቀድሞ ሳያውቅ አይቀርም፤ ምናልባት የሚነግራችሁ በዚያ ገጽ ላይ ይሆናል። ካርዱን ገመዱ ላይ ስትሰቅሉ ደግሞ ከአበበ ጎን ነው የሚያርፈው። አንዱ 1952፣ ሌላው ኅዳር 1953 ዓ.ም. ቢልም በመሀላቸው ያለው ሁለት ወር ብቻ ነው። የእህቴ ልጆች ይህን ሲያዩ በቪዲዮ ጠርተውኝ ነበር።

የአያት መጽሐፍ

አንድ ሦስት አራት መጽሐፍ በዚህ መንገድ ካነበባችሁ በኋላ ራሳችሁ ሥሩ። አራት ባዶ ኤ4 ወረቀት ደርባችሁ መሀል ለመሀል አጥፉ፤ 16 ገጽ ይወጣችኋል። እጥፋቱን በመርፌና በክር ስፉት። ባለታሪኳ አያት ትሁን።

«ሕይወትዎን ይንገሩኝ» ያላችኋቸው እንደሆነ «ምን ሕይወት አለኝ ልጄ» ብለው ያልፏችኋል። ስለ ዕቃ ጠይቁ። ውኃ የሚቀዳው በምን ነበር? ቤት ውስጥ የሚበራው ምን ነበር? የመጀመሪያ ጫማዎን ማን ገዛልዎት? ልጁ እንደየቤቱ ልማድ አንቱም አንቺም እያለ ራሱ ይጠይቅ፤ እናንተ ስልኩን ይዛችሁ ቅዱ። አያቶች ዓመተ ምሕረት አይጠሩም፤ «ጃንሆይ በወረዱበት ዓመት»፣ «በሰባ ሰባቱ ድርቅ» ይላሉ። ልጁ ወደ ገመዱ ሄዶ 1967ን እና 1977ን ይፈልግ። የዘነጉት ነገር ካለ ገጹን አትዝለሉት፤ ቢጫ ወረቀት ለጥፋችሁ «እዚህ ላይ እማማ አላስታወሱም» ብላችሁ ጻፉ። በመጨረሻው ገጽ ላይ የደራሲ ማስታወሻ ይኑር፤ ማን ተናገረ፣ መቼ፣ የት ተቀምጣችሁ።

እናቴ የመጀመሪያ ጫማዋ ሸራ ጫማ እንደነበር ነገረችው። ለክብረ በዓል ተገዝቶላት፣ ቆሻሻ እንዳይነካው አውልቃ፣ አፈሩን በባዶ እግሯ እየረገጠች ነው ወደ ቤት የተመለሰችው። ልጄ ሣለው። አንዲት ልጅ ቀጭን መንገድ ላይ ትሄዳለች፤ ሁለት ዓይኖቿ ይታያሉ፤ ጫማው እጇ ላይ ነው።

እናታችሁ ወይም አባታችሁ በሕይወት ካሉ በዚህ ሳምንት ደውሉላቸው፤ ልጁም አጠገባችሁ ይሁን። ድምፃቸውን መቅዳት ከመጀመራችሁ በፊት ግን ፈቃዳቸውን ጠይቁ።